የኢትዮጵያ ከተሞች ስያሜ አመጣጥ፤ በሰነድ ላይ ያለው ስምና ዛሬ የሚሠራበት ስም

በማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚሞላ ቅጽ ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚል መስመር አለ። አብዛኛው ተገልጋይ ይህን መስመር ብዙ ሳያስብበት ይሞላዋል። ይሁንና በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ ዓመታት ተወልዶ የትምህርት ማስረጃው «ናዝሬት»፣ የልደት የምስክር ወረቀቱ ደግሞ «አዳማ» የሚል ሰው፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ከተማ መሆናቸውን ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል። የከተማ ስም ለነዋሪው መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የማንነቱ ማስረጃ አካልም ነው። በመሆኑም ስሞቹ ከየት እንደመጡ፣ ለምን እንደተለወጡና በሰነድ ላይ እንዴት ሊጻፉ እንደሚገባ ማወቅ ለተገልጋዩም ሆነ አገልግሎት ለሚሰጠው ባለሙያ ይጠቅማል።

ይህ ጽሑፍ የአንዳንድ ከተሞችን ስያሜ አመጣጥ በየምድቡ ያቀርባል፤ በመጨረሻም በቀድሞና በአሁን ስም መካከል ባለው ልዩነት ምክንያት ተገልጋዮች እንዳይጉላሉ ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ያመለክታል።

1. ከመሬቱና ከውኃው የተወሰዱ ስሞች

ብዙ ከተሞች ስማቸውን ያገኙት መጀመሪያ የደረሰባቸው ሰው ዓይኑ ካረፈበት ነገር ነው። ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳርቻ ላይ በመቆርቆሯ ስሟ አቀማመጧን ይናገራል። በወሎ የምትገኘው የሐይቅ ከተማም እንዲሁ ከአጠገቧ ባለው ሐይቅ ተጠርታለች። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ባለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት በርካታ ምንጮች ነው። ሀዋሳ የሚለው ስም በሲዳምኛ ሰፊ የውኃ አካል ማለት እንደሆነ ይነገራል፤ ከተማዋ ስሟን የወሰደችውም ከሐይቋ ነው። ቀደም ባሉ ሰነዶች ላይ «አዋሳ» ተብሎ የሚገኘው ይኸው ስም ነው።

በትግርኛ «ማይ» ውኃ ማለት በመሆኑ ማይጨው ጨዋማ ውኃ የሚል ትርጉም ይሰጣል። ከተማዋ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ወራሪ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ስሟ በታሪክ ገንኗል። «ዓዲ» አገር ወይም መንደር፣ «ግራት» ደግሞ የእርሻ መሬት ማለት ስለሆነ ዓዲግራት የእርሻ አገር እንደማለት ነው። ውቅሮ የሚለው ስምም ከዓለት ተፈልፍሎ ከታነጸው የአካባቢው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው።

ዕፅዋትም ለከተሞች ስም ሰጥተዋል። ኮምቦልቻ በአማርኛ አጣጥ የሚባለው እሾሃማ ተክል የኦሮምኛ መጠሪያ ነው። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው እንጅባራ ቀደም ሲል ኮሶ በር ትባል ነበር። በዚህ ስም ውስጥ «በር» የሚለው ቃል የቤትን በር ሳይሆን መንገደኛ ተራራውን የሚሻገርበትን ማለፊያ ያመለክታል።

ቢሾፍቱም የዚሁ ምድብ አካል ናት። ከተማዋ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ በተፈጠሩት በሆራ፣ በባቦጋያ፣ በኩሪፍቱና በቢሾፍቱ ሐይቆች የተከበበች ስትሆን፣ ስሟም በኦሮምኛ ውኃ ማለት ከሆነው «ቢሻን» ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል።

2. ከገበያ፣ ከማረፊያና ከባቡር የተወለዱ ስሞች

ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት ገበያ ይቀድማል። ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል የአካባቢው ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ቀኑ ራሱ የቦታው መጠሪያ ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት ስሟ ሐሙስን ያስታውሳል። አርብ ገበያ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚሉ ስሞችም በተለያዩ አካባቢዎች ይገኛሉ። ሮቢት የሚለውም ከረቡዕ ጋር የሚዛመድ ስያሜ ነው። ገበያው ወደ ሌላ ቀን ቢዛወር እንኳ የከተማው ስም አይዛወርም።

የሻሸመኔ ስያሜ ደግሞ ከአንዲት ሴት ጋር ይያያዛል። በአካባቢው ሲነገር እንደቆየው፣ ሻሼ የተባለች ሴት በመንገዱ ዳር ቤት ሠርታ ለነጋዴዎችና ለመንገደኞች ምግብና መጠጥ ታቀርብ ነበር። በኦሮምኛ «መና» ቤት ማለት በመሆኑ፣ መንገደኞች «ሻሼ ቤት እንገናኝ» እያሉ የቀጠሩበት ስፍራ ከጊዜ በኋላ የአንድ ታላቅ ከተማ ስም ሆነ። ከነገሥታትና ከመኳንንት ይልቅ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆነች ሴት ስም የቀረበት በመሆኑ ይህ ስያሜ ልዩ ቦታ አለው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በተራራማው አቀማመጥ ምክንያት ሐረር መድረስ ስላልቻለ፣ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. አዲስ ጣቢያ ተቆረቆረ። ቦታው በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን የአካባቢው ስም ነው። የዚህ ስም ትርጉም በሁለት መንገድ ይነገራል። በኦሮምኛ «ድሬ» ሜዳ ማለት በመሆኑ ስሙ የመድኃኒት ሜዳ ተብሎ ይተረጎማል። በሶማልኛ ደግሞ የሶማሌ ጎሣ አባት የሆነው ዲር ጦሩን የወረወረበት ወይም የተከለበት ስፍራ ተብሎ ይተረካል። ሁለቱም ትርጓሜዎች በከተማዋ አብረው ለኖሩት ሕዝቦች የየራሳቸው ናቸው።

በአንጻሩ በአቅራቢያዋ ያለችው ጥንታዊቷ ሐረር በነዋሪዎቿ በሐረሪዎች ቋንቋ «ጌይ» ትባላለች፤ ትርጉሙም «ከተማ» ማለት ነው። ለነዋሪዎቿ ከተማ ሲባል እርሷ ስለሆነች ሌላ መለያ አላስፈለጋትም።

3. ከሰማይ ምልክትና ከእምነት የመጡ ስሞች

«ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ሲሆን፣ በኋላም ገዳምንና ታላቅ ቤተ ክርስቲያንን ለማመልከት ውሏል። በዚህ ቃል የሚጀምሩ ከተሞች ብዙ የሆኑትም ለዚህ ነው። ደብረ ታቦርና ደብረ ሲና በመጽሐፍ ቅዱስ ከተጠቀሱት ተራሮች ስማቸውን ወስደዋል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጠራች። በትግራይ የሽሬ እንዳ ሥላሴ ከተማ ስምም እንዲሁ ነው፤ «እንዳ» የእገሌ ቤት እንደማለት ስለሆነ ስያሜው የሥላሴ ቤት ማለት ይሆናል።

ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ስለነበር ምልክቱን ከአምላክ እንደመጣ ቆጥረው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም የብርሃን ደብር አሉት። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር በወሎ ተደገመ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 በአካባቢው ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ መመልከታቸውና በደስታ ስሜት ቦታውን «ደሴ» ማለታቸው ይነገራል፤ ትርጉሙም ደስታዬ እንደማለት ነው።

የላሊበላ ስም ደግሞ ከንቦች ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ ቀድሞ ሮሃ ትባል ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ስትል ይህን ትርጉም የያዘ የአገው ቋንቋ ስም አወጣችለት። ከንጉሡ በኋላ ከተማዋም በስሙ ተጠራች። 11ዱ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የሐዲያ ዞን መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው። የአሁኑ ስያሜ ከሆሳዕና በዓል የመጣ ሲሆን፣ የቀድሞው ስም ደግሞ በከተማዋ በሚገኘው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መጠሪያነት ዳግም ሕያው ሆኗል።

4. ከቤተ መንግሥት የወጡ ስሞች

አዲስ አበባ ስሟን ያገኘችው ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ነው። እቴጌይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ከፍታ ወደ ፍልውኃው ወርደው በሰፈሩበት ጊዜ የቦታውን አየርና አበባ ወደው ስሙን እንዳወጡ ይተረካል። ስፍራው ከዚያ በፊት በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ይህም ስም ከፍልውኃው ጋር የተያያዘ ሲሆን ዛሬም በአፋን ኦሮሞ የከተማዋ መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

አዲስ አበባ ግን ዋና ከተማነቷን ልታጣ ተቃርባ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአካባቢዋ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየተመናመነ በመሄዱ ዐፄ ምኒልክ በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ኤጀርሳ ለመዛወር አስበው ነበር። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። በዚያም ሕንፃዎች ተሠርተው ቦታው «አዲስ ዓለም» ተባለ። ይሁን እንጂ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ መተከሉ የእንጨቱን ችግር ስላቃለለ ዋና ከተማው ባለበት ጸና። «አዲስ ዓለም» የሚለው ስም የዚያ ሳይፈጸም የቀረ ዕቅድ ማስታወሻ ነው።

በጨርጨር የተቆረቆረችው አሰበ ተፈሪ የወቅቱን አልጋ ወራሽ የራስ ተፈሪን ሐሳብ ለማሰብ የተሰየመች ናት፤ ስሙም ተፈሪ አሰበ የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ከተማዋን በዕቅድ ያስገነቡት የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ እርሳቸው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት በማርቀቅም ይታወቃሉ። ከተማዋ ዛሬ ጭሮ ትባላለች።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግእዝ የተወሰዱ በርካታ ስያሜዎች ወጡ። አዳማ በገሊላዋ ናዝሬት ስም ተጠራች። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተባለች። ወሊሶ በኦሪት ዘፍጥረት ከተጠቀሱት ወንዞች በአንዱ ስም ጊዮን ተባለች። በማዕድን ውኃዋ የምትታወቀው አምቦ ደግሞ ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ወጣላት። በጎጃም ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ መባሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ካደረጉት ጉዞ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

5. የተመለሱ ስሞች

ከቤተ መንግሥት የወጡት ስሞች በመንግሥት ደብዳቤ፣ በትምህርት ቤት ማስረጃና በፖስታ ማኅተም ላይ ሲውሉ፣ ነባሮቹ ስሞች ደግሞ በነዋሪው አንደበት ቀጥለዋል። ከጊዜ በኋላ፣ በተለይም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብዙዎቹ ነባር ስሞች በይፋ ተመልሰዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንደሚወስኑ ደንግጓል፤ ነባር ስሞች በየአካባቢው ቋንቋ ድምፅና አጻጻፍ መሠረት መስፈራቸውም በዚሁ ሂደት ተጠናክሯል።

በቀድሞ ሰነዶች ላይ በብዛት የሚገኙት ስሞችና ዛሬ የሚሠራባቸው ስሞች የሚከተሉት ናቸው፦

• ናዝሬት — አዳማ
• ደብረ ዘይት — ቢሾፍቱ
• አሰበ ተፈሪ — ጭሮ
• ሀገረ ማርያም — ቡሌ ሆራ
• ክብረ መንግሥት — አዶላ
• ሀገረ ሕይወት — አምቦ
• ጊዮን — ወሊሶ
• ዝዋይ — ባቱ
• አለማያ — ሐረማያ
• አዋሳ — ሀዋሳ
• ኮሶ በር — እንጅባራ

ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በንግግር ዛሬም በሁለቱም ስሞች ይጠራሉ። በአውቶቡስ መናኸሪያ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» እየተባለ የሚጠራው መኪና የሚሄደው ወደ አዳማ ነው።

6. አንድ ስም፣ ብዙ ቦታ

የቀድሞና የአሁን ስም ብቻ ሳይሆን የስም መመሳሰልም ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። «ነጌሌ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ከሻሸመኔ በስተሰሜን ያለችውን አርሲ ነጌሌን ወይስ በደቡብ የምትገኘውን ነጌሌ ቦረናን እንደገለጸ አይታወቅም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይለካል። ኮምቦልቻ በወሎም በምሥራቅ ሐረርጌም አለች። ሮቢት በሰሜን ሸዋ፣ በራያ ቆቦና በባሕር ዳር አቅራቢያ ይገኛል፤ የሰሜን ሸዋው «ሸዋ ሮቢት» መባሉም ከሌሎቹ እንዲለይ ነው። ጅማ ስንል በደቡብ ምዕራብ ያለው ከተማ ቀድሞ ቢታሰብም፣ በወለጋ በኩል ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ የተባሉ ወረዳዎች አሉ። ወላይታ ሶዶና በጉራጌ አካባቢ ያለው ሶዶ ወረዳም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የትውልድ ቦታው «ናዝሬት» ተብሎ ብቻ የተተረጎመ ሰነድ በእስራኤል ወይም በሌላ አገር ያለ ባለሙያ እጅ ሲገባ፣ የገሊላዋ ናዝሬት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። ከዚህም በላይ አንድ ከተማ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ አንዱ ሰነድ የአማርኛውን ድምፅ፣ ሌላው የአፋን ኦሮሞውን የቁቤ አጻጻፍ ሊከተል ስለሚችል፣ አንዱ ቦታ ሁለት መስሎ ይታያል።

7. ለተገልጋዮች የሚጠቅሙ ነጥቦች

የትውልድ ቦታ በልደት ምዝገባ ውስጥ ከሚሰፍሩት መረጃዎች አንዱ ነው። ይህ መረጃ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውርስ ሲያረጋግጥ ወይም ከቤተሰቡ ጋር በሌላ አገር ለመገናኘት ሲያመለክት ይከተለዋል። በመሆኑም የሚከተሉትን ማድረግ ይመከራል፦

• በእጅ ባለ የቀድሞ ሰነድ ላይ የተጻፈውን የከተማ ስም በራስ እጅ ሰርዞ ወይም ደልዞ በአዲሱ ስም አለመተካት። የቀድሞ ስም የያዘ ሰነድ በተሰጠበት ጊዜ የነበረውን ስም የሚያሳይ እንጂ ስሕተት ያለበት አይደለም፤ የተደለዘ ሰነድ ግን ተአማኒነቱን ያጣል።

• አዲስ ቅጽ ሲሞላ፣ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለቱንም ስሞች አያይዞ መጻፍ፤ ለምሳሌ «አዳማ (የቀድሞ ናዝሬት)»። ቅጹ አንድ ስም ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ የቀድሞው ስም ያለበትን ሰነድ አያይዞ ልዩነቱን ለባለሙያው አስቀድሞ መግለጽ።

• የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን ክልሉን፣ ዞኑንና ወረዳውን መጥቀስ። የስም መመሳሰል የሚያስከትለው ስሕተት በአብዛኛው በዚህ ይወገዳል።

• የልደት ወይም ሌላ የምስክር ወረቀት ሲረከቡ የትውልድ ቦታው አጻጻፍ ከቀሩት ሰነዶች ጋር መጣጣሙን ከመዝጋቢው ፊት ማየት። ልዩነት ካለ በዚያው ጊዜ ማመልከት ከዓመታት በኋላ ከማረም ይቀላል።

• ሰነድ ሲያስተረጉሙ ተርጓሚው በዋናው ሰነድ ላይ ያለውን ስም እንዳለ እንዲያስቀምጥና አሁን የሚሠራበትን ስም በማብራሪያ እንዲጠቅስ ማሳሰብ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈውም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ።

• በውጭ አገር ላሉ ልጆች የሚላክ የወላጅ መረጃ ላይ ወላጁ የተወለደበትን ከተማ የቀድሞና የአሁን ስም ጽፎ መላክ። ከአገር ውጭ የተወለደ ልጅ አባቱ የተወለደበትን «አሰበ ተፈሪ» በዛሬ ካርታ ላይ ፈልጎ ሊያጣው ይችላል፤ ጭሮ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የሻሼ ቤት፣ የንቦቹ ንጉሥ፣ የሐሙሱ ገበያና በሰማይ የታየው ብርሃን በከተሞቹ ስም ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። ስም ቢለወጥም ቦታው አይለወጥም፤ በቀድሞው ስም የተወለደውም ሆነ በአሁኑ ስም የተመዘገበው የአንድ ከተማ ልጅ ነው። ሁለቱን ስሞች አብሮ ማወቅና አብሮ መጻፍ ታሪኩንም የተገልጋዩንም መብት ይጠብቃል።